እጀ ጉርድ ሸሚዝና የሎሚ ሽቶ

ሚያዝያ ሲገባ ልብስ መቀየር የለመድኩት ከጎረምሳነቴ ጀምሮ ነው። ፋሲካ አልፎ ፀሐይዋ ገና በሦስት ሰዓት አናት መብሳት ስትጀምር ሹራቡና ካፖርቱ ወደ ሳጥን ይገባል፣ እጀ ጉርዱ ሸሚዝ ይወጣል። ዘንድሮም አንድ እሑድ ጠዋት መካኒሳ ባለው ቤታችን መስታወት ፊት ቆምኩ። ተላጭቻለሁ፣ ነጩን እጀ ጉርድ ሸሚዜን ለብሻለሁ። ከአረንጓዴው ጠርሙስ ሽቶ መዳፌ ላይ ጠብ አድርጌ ጉንጬንና አንገቴን መታ መታ አደረግሁና እንደ ልማዴ ዓይኔን ጨፍኜ ወደ ውስጥ ሳብኩ። ምንም የለም። ጨመርኩ፤ እንደገና ሳብኩ። ባዶ አየር ነው የገባው። ከሁሉ የባሰው ደግሞ፣ ድሮ ከምላጭ በኋላ እንደ እሳት የሚያቃጥለኝ ሽቶ ሰሞኑን ቆዳዬን እንኳ መቆንጠጥ ትቷል። አፍንጫዬ ሳያንስ ቆዳዬም ደነዘዘ ማለት ነው አልኩ። በዚያ ላይ ዕለቱ ተራ እሑድ አልነበረም። የሟቹ ጓደኛዬ የታደሰ ልጅ ሳሙኤል ሊያገባ ስለሆነ፣ ልጅቱን ከአባቷ ለመጠየቅ ለቡ ድረስ በሽማግሌነት የምሄድበት፣ ያውም ተናጋሪው እኔ የሆንኩበት ቀን ነው።

ማሽተት የተወኝ መቼ እንደሆነ በትክክል አላውቅም። ያወቅሁት በዐቢይ ጾም መካከል ነው። ባለቤቴ ጽጌ ሽሮ ጥዳ «እያት» ብላኝ ቤተ ክርስቲያን ሄደች። እኔ ከምድጃው አጠገብ ጋዜጣ እያነበብኩ ተቀመጥኩ። ስትመለስ ለካ ቤቱ በማረር ሽታ ታፍኗል፣ ድስቱ ከሰል ሆኗል፣ እኔ ገጽ እገልጣለሁ። «ስልክ ላይ ነበርኩ» አልኳት። ስልኬ ግን መኝታ ቤት ቻርጅ ላይ ነበር፣ እሷም አይታዋለች። ድስቱን ይዛ ወጣች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሆድ ይፍጀው ብዬ ይዤዋለሁ። ለራሴ ሳይነስ ነው እላለሁ። ግን የምፈራው ሳይነስን አይደለም። ታላቅ ወንድሜ ጋሽ አሰፋም የጀመረው እንዲሁ ነበር። መጀመሪያ «ወጣችሁ ቅመም የለውም» ማለት አበዛ፤ ቀጥሎ የተቃጠለው የተበላሸው አይሸተውም። ውሎ አድሮ የሰው ስም ጠፋው። አንድ ቀን ልጠይቀው ብሄድ እጄን ያዝ አድርጎ በትሕትና «እርስዎ የማን ልጅ ነዎት?» አለኝ። አንድ እናት ያጠባችን ወንድሜ ነው እንዲህ ያለኝ። በኋላ በሬዲዮ አንድ ሐኪም አፍንጫ ቀድሞ የሚሄድበት የመርሳት በሽታ አለ ሲሉ ሰማሁና ሬዲዮኑን ዘጋሁት። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል።

እንዲህ የምንገበገበው ያለ ነገር አይደለም። የኔ ወጣትነት ያለው አፍንጫዬ ውስጥ ነው። ነፋስ ስልክ ያደግን ሰዎች ያኔ ከአስፋልቱ ዳር የነበረውን የጋሽ ወርቁን ፀጉር ቤት አንረሳውም። ጋሽ ወርቁ ትልቅ የመስታወት ጠርሙስ ነበራቸው፤ ከጫፉ የጎማ ፊኛ ተንጠልጥሏል። ፊኛውን ጨበጥ ሲያደርጉት የሎሚና የብርቱካን ልጣጭ የሚሸት ኮሎኝ እንደ ካፊያ ይወርድብሃል። ፀጉር ባትቆረጥም አሥር ሳንቲም ከከፈልክ ይነፉልሃል። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የሰፈሩ ጎረምሳ በሙሉ በራቸው ላይ ይሰለፋል። አንዱ ኮሌታው ሥር፣ አንዱ ጆሮው ጀርባ፣ አንዱ መሐረቡ ላይ ያስነፋል። ታደሰ ታዲያ ካናቴራው ውስጥ ካልተነፋልኝ ይላል። «ሂድ ወዲያ!» ይሉታል ጋሽ ወርቁ፤ «ሽቶ ማለት ሲያቅፉህ የሚታወቅ እንጂ ከመንገድ ማዶ የሚጣራ አይደለም።» ታደሰ ግን ተለማምጦ፣ አስቆ፣ በዚያችው አሥር ሳንቲም ሁለት ሦስቴ ያስነፋ ነበር።

ሸሚዝ ደግሞ ያኔ የሚገዛ ሳይሆን የሚሰፋ ነበር። መርካቶ ወርደን ከጣቃው ላይ ጨርቅ እናስቀድዳለን፤ እኔና ታደሰ አንድ ዓይነት ጨርቅ መልበስ ስለምንወድ ለሁለታችን የሚበቃ አንድ ላይ ይቀደዳል። እሱ አበባ ያለበት ይወዳል፣ እኔ ነጭና ውሃ ሰማያዊ፤ ስለዚህ አንዱን ወር በእሱ ምርጫ፣ አንዱን ወር በእኔ እንለብሳለን። ልብስ ሰፊያችን የስፌት መኪናቸውን በረንዳ ላይ ያወጡ፣ አፋቸው ውስጥ ሁልጊዜ መርፌ ቁልፍ የያዙ ሽማግሌ ነበሩ። ኮሌታው ይርዘም ስንላቸው ያረዝሙታል፤ አሁንም ይርዘም ስንላቸው «ይሄ ሸሚዝ ነው ወይስ ክንፍ? ልትበሩ ነው?» ይሉናል። እጅጌው ግን ጨዋታ የለውም፤ ከክርን በላይ ሁለት ጣት። ከዚያ ካጠረ የኳስ ተጫዋች፣ ከረዘመ የታላቅ ወንድምህን ልብስ የለበስክ ነው የምትመስለው። ታች አስፋልቱን የሚጠርግ ቤልቦተም ሱሪ፣ ላይ እጀ ጉርድ ሸሚዝ፣ በኮሌታውና በአንገት መካከል ደግሞ ላብ እንዳይነካው የታጠፈ ነጭ መሐረብ። መሐረቡን ያስተማረኝ ታደሰ ነው። ቅዳሜ ማታ ሱሪው ፍራሽ ሥር ተነጥፎ ይተኛበታል፤ ሸሚዙ በከሰል ካውያ ይተኮሳል። ካውያውን ወዲህ ወዲያ እያወዛወዝን ፍሙን እናቀጣጥላለን፤ አመድ ነጩ ሸሚዝ ላይ ብን ሲል የምንጮኸው ጩኸት ሰው የሞተ ያስመስል ነበር። እሑድ ከሰዓት ፏ ብለን ወክ እንወጣለን። የሙዚቃ ቤቱ ድምፅ ማጉያ ዘፈኑን እስከ መንገዱ ድረስ ይለቀዋል፤ እኛ በዘፈኑ ልክ እንራመዳለን። የት እንሄድ ነበር ብትሉኝ፣ የትም። ደርሶ መመለስ ነው።

ጽጌንም ያገኘኋት በዚያው ሽቶ ነው ማለት ይቻላል። ከታደሰ ጋር አውቶቡስ ስጠብቅ ሰልፉ ላይ ከፊቴ ነበረች፤ ከጓደኛዋ ጋር ታወራለች። ድንገት ዞር ሳትል ድምጿን ከፍ አድርጋ «አንቺ፣ እዚህ ሰልፍ ላይ ሎሚ የሚሸጥ ሰው አለ እንዴ?» አለች። ጓደኛዋ በሳቅ ፈረሰች። ታደሰ ጎኔን በክርኑ ወጋኝ። እኔ እስከ ጆሮዬ ቀላሁና አውቶቡሱ ሲመጣ ሳልሳፈር ቀረሁ። በሳምንቱ እዚያው ሰልፍ ላይ ቆሜ ጠበቅኋት፤ ያን ቀን ለጋሽ ወርቁ ሃያ ሳንቲም ከፍዬ ነበር።

ዛሬ መካኒሳ መንገድ ዳር ቡቲኩ እንደ አሸን ፈልቷል። በር ላይ የቆሙት ራስ የሌላቸው አሻንጉሊቶች ከኔ የተሻለ ይለብሳሉ። ኮሌታ አልባ ሸሚዝ፣ ሰውነት ላይ ጥብቅ ያለ ካናቴራ፣ ጉልበቱ ላይ ሆን ተብሎ የተቀደደ ሱሪ። አልንቅም፤ እኛም በቤልቦተማችን ስንት ተሰድበናል። እንዲያውም ሽሮው ካረረ በኋላ ራሴን ልፈትን ብዬ አንዱ ሽቶ ቤት ገባሁ። ሻጩ ወጣት ጨዋ ነው። «ፋዘር፣ ለሙቀት የሚሆን ነው የምትፈልገው? ቀለል ያለ፣ ፍሬሽ የሆነ አለኝ» ብሎ በቀጭን ወረቀት ላይ አንድ ነፋልኝ፤ ቀጥሎ ሌላ፤ ቀጥሎ ሌላ። «የቱ ተመቸህ?» አለኝ። ሦስቱንም ወረቀት እያፈራረቅሁ አፍንጫዬ ሥር አስጠጋሁ። ያው ወረቀት ናቸው። ላብ አጠመቀኝ። ክዳኑ ያማረውን ጠርሙስ አይቼ «ያኛው ይሻላል» አልኩና እመለሳለሁ ብዬ ወጣሁ።

ወደ እሑዱ ልመለስ። መስታወቱ ፊት ሦስተኛ ጊዜ አፍስሼ ስቀባ ጽጌ ገባች። ከላይ እስከ ታች አየችኝ።

«እንዴ! በዚህ ልትሄድ ነው?»

«ምን ሆነ?»

«ሽማግሌ እኮ ነህ! ልጅ ልትጠይቅ ነው የምትሄደው፤ ኳስ ሜዳ አይደለም። ክንድህን ገልጠህ ሰው ቤት ልትቆም?»

«ሙቀቱን አላየሽውም?»

«መኮንን እንኳ ለሽምግልናው ሱፉን ግጥም አድርጎ ነው የሚመጣው፤ ታያለህ።»

«መኮንን ክረምት ከበጋ ያለው እሱው ሱፍ ነው።»

ሳቋን ዋጥ አድርጋ ከሳጥን ነጠላ አወጣችና አለበሰችኝ። ጥለቱን በትከሻዬ ስታስተካክል ፊቷ አንገቴ ሥር ደረሰ። እዚያ ትንሽ ቆየች።  ሽቶው በዝቶ ይሆን? ልጠይቃት አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ ግን መጠየቅ ማለት መናዘዝ ነው።

«ሽቶህን ተቀባህ?» አለችኝ፣ ዓይን ዓይኔን እያየች።

«ተቀባሁ። ምነው?»

«ምንም። ይቅናችሁ።»

ያቺ «ምንም» ያለቻት ቃል ታክሲ ድረስ ተከተለችኝ። መኮንን የልጅነት ጎረቤታችን፣ ጡረታ የወጣ አስተማሪ ነው፤ እንደተባለውም ሱፉን እስከ ላይኛው ቁልፍ ቆልፎ መጣ። ሦስተኛችን የሳሙኤል ንስሐ አባት ናቸው። ሚኒባሱ ውስጥ መኮንን አጠገቤ እንደተቀመጠ መስኮቱን እስከ መጨረሻው ከፈተው። ረዳቱም ዞር ብሎ አየኝ፤ ወይም መሰለኝ። ፊት ለፊቴ ያለችው ሴት ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ አደረገች። አለቀልኝ አልኩ። ሦስት ጊዜ ነው የቀባሁት! ጋሽ ወርቁ ከመንገድ ማዶ የሚጣራ ያሉት እኔን ነው። ሰው ቤት ገብቼ ቤቱን በሽቶ ላፍን ነው፤ «እነዚህ ሽማግሌ ናቸው ወይስ የሰርግ አጃቢ?» ሊባል ነው። የታደሰ ልጅ በኔ ምክንያት ሊያፍር ነው። በመሐረቤ አንገቴን ደጋግሜ ጠረግሁ። ቄሱ «ሙቀት ነው ልጄ፣ አይዞህ» አሉኝ።

የልጅቱ አባት አቶ ለማ የለቡ ነባር ገበሬ ናቸው። በዙሪያቸው ፎቅ በፎቅ ሆኖ እሳቸው ግቢያቸውን፣ ላሞቻቸውንና የባሕር ዛፋቸውን እንደያዙ አሉ። እናትየዋ ወይዘሮ ጫልቱ በሩ ላይ በኦሮምኛ «በጋ ነጋን ዱፍተን» ብለው፣ ቀጥለው በአማርኛ እንኳን ደህና መጣችሁ ብለው ተቀበሉን። ተቀመጡ አሉን፤ እንደ ደንቡ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም አልን። ዘመድ አዝማዱ ግድግዳውን ተደግፎ ተደርድሯል። አንዲት አክስት አስነጠሳት። እኔ ነኝ አልኩ በልቤ፤ የእኔ ሽቶ ነው። ዓይኔ ከሰው አፍንጫ ወደ ሰው አፍንጫ ይዘላል፤ ማን ፊቱን አጨማደደ፣ ማን ፈቀቅ አለ እያልኩ እቆጣጠራለሁ።

እንደምንም ጀመርኩ። «ሴት ልጅዎን ለወንድ ልጃችን ብለን፣ እግዚአብሔርን አስቀድመን ከደጅዎ ቆመናል» አልኩ። ድምፄ ደህና ነበር። ስለ ሳሙኤል ሥራ፣ ስለ ጠባዩ ተናገርኩ። አቶ ለማ በጥሞና ሰሙና ሽማግሌ ሁሉ የሚጠየቀውን ጠየቁ።

«ደግ። የማን ልጅ ነው?»

አፌን ከፈትኩ። ሰውዬው ፊቴ ቆሟል። ቡናማ አበባ ያለበት ሸሚዙ፣ ያ ክንፍ የሚያክል ኮሌታው፣ ከአንገቱ የታጠፈው መሐረብ፣ ሲስቅ የምትታየው የተሸረፈች ጥርሱ። በጋሽ ወርቁ በር ላይ ሲለማመጥ አየዋለሁ። ስሙ ግን የለም። ከምላሴ ሥር ፈለግሁ፤ በፊደል ተራ ሄድኩ፤ የለም።  ላሚቱ ጓሮ ስትጮኽ ይሰማኛል።  እርስዎ የማን ልጅ ነዎት? ይለኛል ወንድሜ።

«የታደሰ ኃይሌ ልጅ ነው» አለ መኮንን ከጎኔ፣ ቀስ ብሎ። «ነፍሱን ይማረውና፣ የእኚህ ሽማግሌ የልብ ወዳጅ ነበር።»

ወይዘሮ ጫልቱ ከንፈራቸውን መጠጡ። «አይዞዎት። ጓደኛ ማጣት ከባድ ነው» አሉኝ፣ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ። አቶ ለማም አንገታቸውን ነቀነቁ፤ ሌሎቹም ተከተሉ። ሐዘን ሆዴን አባብቶት መናገር ያቃተኝ መስሏቸው አከበሩኝ። እኔም አንገቴን ደፋሁና ዝም አልኩ። ምን ልላቸው እችል ነበር? ተቀመጡ ተባልን፣ ጠላ ቀረበ፣ ከዘመድ ጋር እንመካከርበት ብለው ቀጠሮ ሰጡን። ቀጠሮ ሰጡ ማለት እሺ ሊሉ ነው። መኮንን በመንገድ ላይ «ዝምታህ ነው የረታቸው» እያለ ያመሰግነኛል። እኔ በልቤ ታደሰ፣ ታደሰ፣ ታደሰ እያልኩ መካኒሳ ደረስኩ።

ጽጌ በረንዳው ላይ ቁጭ ብላ ጠበቀችኝ። ቀጠሮ እንዳገኘን ስነግራት እልል ልትል ከጀለች። ነጠላውን አውልቄ አጠገቧ ተቀመጥኩና ቀልድ ለማስመሰል እየሞከርኩ «ሽቶው በዝቶ ነበር መሰለኝ፤ መኮንን እንደገባ መስኮት ከፈተ» አልኳት።

መጀመሪያ ሳቀች። ሳቋ መሐል ላይ ተሰበረና ፊቷን በነጠላው ሸፈነች።

«ምን ሽቶ አለና ነው የሚበዛው?»

«እንዴት?»

«ከሆሳዕና ጀምሮ የምትቀባው ጸበል ነው። ሽሮው ያረረ ዕለት ነው የገባኝ። ጠርሙሱን አጠብኩና ሽቶህን ወደ ሌላ ዕቃ ገልብጬ ጸበል ሞላሁት። አንድም ይማርልኝ ብዬ፣ አንድም…» ቆመች። «አንድም የፈራሁት እውነት እንዳይሆን ብዬ። በየቀኑ ‹ሽቶዬን ማን ነካው!› ብለህ እስክትጮህብኝ ስጠብቅ ነበር። ልትቆጣኝ ነው እያልኩ ጠዋት ጠዋት በሩ ጀርባ እቆማለሁ። አንተ ታፈሳለህ፣ ትቀባለህ፣ ተኮፍሰህ ትወጣለህ። ዛሬ አንገትህን ሳሸት ሳሙና ብቻ ነው። ልነግርህ ፈልጌ ቀኑን እንዳላበላሽብህ ብዬ ተውኩት። ጋሽ አሰፋን አስታምሜያለሁ እኮ። እኔም አውቃለሁ።»

ሽቶ ነው ብዬ ስሸማቀቅበት የዋልኩት ውሃ መሆኑ ሊያስቀኝ ይገባ ነበር። ቆዳዬ አለመደንዘዙም ሊያስደስተኝ። ግን ያን ሁሉ ሳምንት እኔ ከእሷ ስደብቅ፣ እሷ ደግሞ ብቻዋን ስትፈራ መክረሟ አንጀቴን በላው። እኔም የሆነውን ነገርኳት።

«የታደሰ ስም ጠፋኝ ጽጌ። አባቱ ማን ነው ሲሉኝ።»

«እኔስ አንዷን ልጄን ለመጥራት ስንቱን ስም አልፌ አይደል የምደርሰው?»

«ያንቺ ሌላ ነው።»

 እጄን ብቻ ያዘች።

ከዚያ ወዲህ ሐኪም ዘንድ ሄደናል። ሳይነስም ሊሆን ይችላል፣ ሌላም ሊሆን ይችላል፣ ምርመራው ይቀጥላል ተብለናል። ሽቶውን ወደ ጠርሙሱ መልሳዋለች፤ ስቀባው ያቃጥለኛል፣ በማቃጠሉም ደስ ይለኛል። ሙቀቱ አልበረደም፣ እኔም እጀ ጉርዴን አላወለቅሁም። ጠዋት ጠዋት ከመውጣቴ በፊት በሩ ጋ ስቆም ጽጌ ትመጣና ፊቷን ኮሌታዬ ውስጥ ታስገባለች። እኔ ሳትጠይቀኝ «ታደሰ ኃይሌ» እላለሁ። እሷ ቀና ብላ «ደህና ነህ፣ ሂድ» ትለኛለች። አንዳንድ ቀን እኔ ትንሽ እዘገያለሁ፤ ያን ጊዜ እሷም ፊቷን ከኮሌታዬ ሳታነሳ ትቆያለች።